ከመቀየር በፊት መመርመር

በከተሞቻችን መንገዶች ላይ ከሚሰሙት ድምፆች መካከል አንዱን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዕድሜ የጠገበች የቤት መኪና በኮብልስቶን መንገድ ላይ ስታልፍ ከኋላዋ በኩል «ኳ! ኳ! ኳ!» የሚል ድምፅ ይወጣል። ባለመኪናው ለጥቂት ሳምንታት ይታገሣል፤ ከዚያም ወደ ጋራዥ ይሄዳል። መካኒኩ የመኪናዋን ጀርባ አንድ ሁለት ጊዜ በእጁ ጫን ጫን ያደርግና «አሞርዛተሩ አልቋል» የሚል ፍርድ ይሰጣል። ሁለት አሞርዛተር ይገዛል፤ ይገጠማል፤ ሒሳብ ይከፈላል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ከሁለት አንዱ ነው፤ ድምፁ ይጠፋል፣ ወይም እንደነበረ ይቀጥላል። ድምፁ ቢጠፋ እንኳ የጠፋው አሮጌው ዕቃ ስለ ተቀየረ ይሁን፣ ወይስ ዕቃው ሲፈታና ሲታሰር ላልቶ የነበረ አንድ ዳዶ ስለ ጠበቀ፣ ማንም አያውቅም። ለማወቅ የሞከረም የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መካኒኮችን መውቀስ አይደለም። ጸሐፊው ፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ክሱም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው እኛ በፊዚክስ ክፍሎች ውስጥ በምናስተምረውና በምንማረው ሰዎች ላይ ነው። የሞላና የማርገቢያ ስሌት በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ይሰጣል፤ ተማሪዎችም ይፈተኑበታል። ይሁንና ከፈተናው አዳራሽ በር ላይ የቆመችው መኪና ያንኑ ስሌት በአራት ማዕዘኖቿ ተሸክማ መቆሟን የሚያስተውል ተማሪ ጥቂት ነው። በሌላ በኩል መኪናዋን የሚጠግነው ወጣት ስሌቱን የሚያየው በእጁ እንጂ በወረቀት ላይ አይደለም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በገንዘብና በደኅንነት ዋጋ ያስከፍለናል። ስለዚህ የኋላ ስትራት ድምፅን እንደ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ወስደን እንመርምረው።

ስትራት ምንድን ነው?

በጋራዥ ቋንቋ «አሞርዛተር» የሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። ተራው አሞርዛተር የመኪናዋን ንዝረት ከማርገብ በስተቀር ሌላ ሥራ የለውም። ስትራት ግን ሞላውንና አሞርዛተሩን በአንድነት አጣምሮ የመኪናዋን ክብደት የሚሸከም፣ ከዚያም አልፎ ጎማው በትክክለኛው አቋሙ እንዲቆም የሚያደርግ አካል ነው። በመሆኑም ስትራት ሲበላሽ የሚጎዳው የጉዞ ምቾት ብቻ ሳይሆን የጎማው አቋም ጭምር ነው።

ንድፉ ከአሜሪካዊው መሐንዲስ ከኧርል ማክፈርሰን ስም ጋር የተያያዘ ነው። ማክፈርሰን ሐሳቡን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በጄኔራል ሞተርስ ለታቀደች አንዲት አነስተኛ መኪና ሲያዘጋጅ ቆይቶ፣ ዕቅዱ ሲሰረዝ ወደ ፎርድ ተሻገረ። በ1950 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረቡት የእንግሊዝ ፎርድ ኮንሱልና ዜፊር ይህን ንድፍ በፊት ጎማዎቻቸው ላይ ይዘው ወጡ። የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን ደግሞ በ1957 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ አሠራርን ለኋላ ጎማዎች አዋለ።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን ቶዮታ ኮሮላ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የተሠሩት፣ ሞተራቸው የፊት ጎማዎችን የሚነዳ ኮሮላዎች አብዛኞቹ በኋላ በኩል ስትራት አላቸው። እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ወደ ጎን በተዘረጉ ሁለት ዘንጎችና ወደ ፊት በተዘረጋ አንድ ዘንግ ተይዞ፣ በስትራቱ አማካይነት ከአካሉ ጋር ይገናኛል። የዘንጎቹ ጫፎች በብረትና በላስቲክ በተሠራ ማቀፊያ፣ ማለትም በጎሚኒ ይታሰራሉ። የስትራቱ አናት ደግሞ በወፍራም የላስቲክ መቀመጫ በኩል ከአካሉ ጋር በብሎን ይያያዛል፤ የአሞርዛተሩ ዘንግም በመቀመጫው መካከል አልፎ በአንድ ዳዶ ይጠብቃል። ስታብላይዘር ያላቸው ሞዴሎች ግራና ቀኙን የሚያገናኝ የሚጠመዘዝ ዘንግና ሁለት አጫጭር ማያያዣዎች ይጨምራሉ። እንግዲህ በአንድ የኋላ ማዕዘን ብቻ ሊንኳኳ የሚችለውን መገጣጠሚያ የሚቆጥር ሰው በቀላሉ ስምንትና ከዚያ በላይ ይደርሳል። አሞርዛተሩ ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ብቻ ነው።

የማይሰማው ውዝዋዜና የሚሰማው ግጭት

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። በአንድ የኋላ ጎማ ላይ የሚያርፈው የመኪናዋ አካል መጠነ ቁስ 300 ኪሎ ግራም፣ የሞላው ግትርነት ደግሞ በሜትር 20,000 ኒውተን ነው እንበል፤ ሁለቱም ለአነስተኛ የቤት መኪና ተገቢ የሆኑ ግምቶች ናቸው። ግትርነቱን ለመጠነ ቁሱ አካፍለን፣ የውጤቱን ካሬ ሥር ወስደን፣ በ2π ብናካፍል የአካሉን የተፈጥሮ ድግግሞሽ እናገኛለን፤ እርሱም 1.3 ኸርዝ ያህል ነው። ከሞላው በታች ያለው ጎማ ከነተያያዦቹ 35 ኪሎ ግራም ቢሆንና የጎማው የአየር ትራስ ግትርነት በሜትር 180,000 ኒውተን ቢሆን፣ የጎማው የራሱ ድግግሞሽ ወደ 12 ኸርዝ ይጠጋል።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከአንድ ሦስተኛ ቁጥር ጋር እናነጻጽራቸው። የሰው ጆሮ መስማት የሚጀምረው ከ20 ኸርዝ ገደማ ነው። 1.3ም ሆነ 12 ከዚህ በታች ናቸው። ይህም ማለት የመኪናዋ አካል መወዛወዝና የጎማው መርገብገብ በራሳቸው በጆሮ የሚሰሙ አይደሉም፤ በሰውነት የሚታወቁ እንጂ። ታዲያ «ኳ» የሚለው ድምፅ ከየት መጣ? መልሱ አንድ ነው፦ ሁለት ጠጣር አካላት በመካከላቸው ክፍተት ተፈጥሮ ሲጋጩ ነው። ግጭቱ የሚቆየው ለጥቂት ሺኛ ሰከንድ ስለሆነ በውስጡ በመቶዎችና በሺዎች ኸርዝ የሚቆጠሩ ድግግሞሾችን ይዞ ይወጣል፤ ጆሮም እነዚህን በሚገባ ይሰማል።

ይህ ቀላል ንጽጽር የጽሑፉ ዋና ነጥብ የቆመበት መሠረት ነው። «አሞርዛተሩ ደክሟል ወይ?» የሚለውና «ድምፁ ከየት ነው?» የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ኢነርጂ በምን ፍጥነት ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ክፍተት የት እንዳለ ይጠይቃል። ፈሳሹ ያለቀበት አሞርዛተር አንዳች ድምፅ ሳያሰማ መኪናዋን እንደ ጀልባ ሊያወዛውዛት ይችላል። ፍጹም ጤናማ የሆነ አሞርዛተር ደግሞ አናቱ ላይ ያለው ዳዶ ስለላላ ብቻ መንደር ሊያስነሣ ይችላል። ለሁለተኛው ጥያቄ በመጀመሪያው መልስ መስጠት ነው ዕቃ ተቀይሮ ድምፁ እንዲቀር የሚያደርገው።

እርግጥ ሁለቱ የሚገናኙባቸው ጊዜያት አሉ። በአሞርዛተሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ወይም ቫልቭ ተበልቶ ክፍተት ከፈጠረ፣ ወይም ዘይቱ ፈስሶ አየር ከገባበት፣ ፒስተኑ አቅጣጫ በለወጠ ቁጥር ከውስጥ ይንኳኳል። እንዲሁም ደካማ አሞርዛተር ጎማውን ከልክ በላይ ስለሚያዘልለው፣ ሌላ ቦታ የነበረ ትንሽ ክፍተት በጉልህ እንዲሰማ ያደርጋል። ይህን ለይቶ የሚነግረን ግን ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም።

ጆሮ ለምን ይሳሳታል?

ብዙ አሽከርካሪዎች «ከቀኝ ኋላ ነው፣ በግልጽ እሰማዋለሁ» ይላሉ። ጆሮአችን የድምፅን አቅጣጫ ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ ድምፁ ወደ ሁለቱ ጆሮዎች በሚደርስበት የጊዜ ልዩነት ነው፤ ይህም ልዩነት ከአንድ ሺኛ ሰከንድ እንኳ ያነሰ ነው። በመኪና ውስጥ ግን ድምፁ በአየር ብቻ አይመጣም። በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል የሚጓዘው ድምፅ በብረት ውስጥ በሰከንድ 5,000 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ በአንድ ማዕዘን የተፈጠረ ግጭት በአካሉ ብረት ውስጥ አልፎ፣ ሰፊና ስስ የሆኑትን የወለልና የጣሪያ ቆርቆሮዎች እንደ ከበሮ ቆዳ ያናውጣቸዋል፤ ጆሮም የሚሰማው ከበሮውን እንጂ የመታውን እጅ አይደለም። በዚህ ላይ ከመስታወቶቹ የሚመለሰው ድምፅ ሲታከልበት አቅጣጫውን መለየት ከባድ ይሆናል። በመሆኑም ጆሮ ምስክር ሆኖ ይቅረብ፤ ዳኛ ግን አይሁን።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ጥሩ ምርመራ ሁለት ሕጎች አሉት። አንደኛው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ሁለተኛው፣ ዋጋው ከሚቀለው ሙከራ ጀምሮ ወደ ከባዱ መሄድ ነው። እያንዳንዱ ሙከራ ተጠርጣሪዎቹን ለሁለት የሚከፍል ከሆነ ስምንት ተጠርጣሪዎችን ለመለየት ሦስት ሙከራ ይበቃል፤ ስምንቱን አንድ በአንድ እየገዙ ለመቀየር ግን ስንት ደመወዝ እንደሚያስፈልግ አንባቢ ያስላው።

የመጀመሪያው ሥራ መጻፍ ነው። ድምፁ የሚሰማው በምን መንገድ፣ በምን ፍጥነት፣ በስንት ሰው ጭነት ነው? «ኳ» የሚል ነው ወይስ «ሲጥ ሲጥ» የሚል? ኳኳታ የክፍተት ምልክት ነው። ሲጥሲጥታ ግን የሰበቃ ምልክት ነው፤ የደረቀ ላስቲክ በብረት ላይ እየተያዘና እየተለቀቀ ሲሄድ የሚፈጠር ነው። ኳኳታውን ትቶ ሲጥሲጥታን፣ ሲጥሲጥታን ትቶ ኳኳታን መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ቀጥሎ የኋላ ዕቃ መጫኛው ባዶ ይሁን። ስኮርታ ጎማው፣ ክሪኩና መፍቻዎቹ ይውጡና መኪናዋ በዚያው መንገድ በዚያው ፍጥነት ትነዳ። ያልታሰረ ክሪክ የአሞርዛተርን ድምፅ አስመስሎ ያወጣል። ይህ ሙከራ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ሦስተኛው ሙከራ በፍሬን ነው። ትራፊክ በሌለበት ቦታ ዝግ ብሎ እየነዱ ፔዳሉን በስሱ ጫን ማድረግ ነው። ድምፁ በዚያች ቅጽበት ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ፍሬን ሸራውና ወደ ተያያዥ ዕቃዎቹ ይዞራል፤ ምክንያቱም ፔዳሉ የላላውን ሸራ ይዞ አጥብቆታል። ድምፁ ካልተለወጠ ስትራቱና ዘንጎቹ በተጠርጣሪነት ይቆያሉ። የማርሚታው ማንጠልጠያ ላስቲኮችም በዚሁ አጋጣሚ ይታዩ፤ መኪናዋ ቆማ ሞተሩም ቀዝቅዞ ሳለ ማርሚታውን በእጅ መነቅነቅ ይበቃል።

አራተኛው ሙከራ እኔ በክፍል ውስጥ ለማስተማር ከሁሉ የምወደው ነው። መኪናዋ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታን ቀጥ ብላ፣ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች በአንድ ጊዜ እንዲወጡ ሆና ትለፍ። ከዚያም አንድ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ውስጥ እንዲገባ ሆኖ ይሞከር። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሡ የስታብላይዘሩ ዘንግ አይጠመዘዝም፤ በመያዣዎቹ ውስጥ እንዳለ ይዞራል እንጂ። አንዱ ጎማ ብቻ ሲነሣ ግን ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ ማያያዣዎቹም ጭነት ይሸከማሉ። ስለዚህ በእኩል ጉብታ ላይ ጠፍቶ በአንድ ወገን ጉድጓድ ላይ የሚሰማ ኳኳታ ወደ ስታብላይዘሩ ማያያዣዎች ይጠቁማል። የእነዚህ ዋጋ ከስትራት ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አንድ ሲሜትሪ እንዴት መረጃ እንደሚሰጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁም።

አምስተኛው የእጅ ሙከራ ነው። መኪናዋ በደልዳላ ቦታ ቆማ፣ ጎማዎቿ ታኮ ገብቶላቸው፣ አንድ ሰው የኋላዋን ጥግ ወደ ታች ይጫን፤ ሌላው ደግሞ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ወይም ከዕቃ መጫኛው በኩል ሽፋኑን አንሥቶ በስትራቱ አናት ላይ እጁን ያሳርፍ። የላላ ዳዶ ወይም የተቀደደ የላስቲክ መቀመጫ ካለ እያንዳንዱ ምት በጣት ላይ ይታወቃል። ጆሮ ያላገኘውን ጣት ያገኘዋል፤ ጣት የሚዳስሰው ንዝረቱን ከምንጩ አጠገብ ነውና። በግራና በቀኝ ተሞክሮ ልዩነቱ ይመዝገብ። ጤናማው ወገን ለታመመው ወገን ማነጻጸሪያ ይሆናል፤ በቤተ ሙከራ ቋንቋ መቆጣጠሪያ የምንለው ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ከመኪናዋ ሥር መታየት ያለበት። ለዚህም መኪናዋ በክሪክ ላይ ብቻ ተንጠልጥላ ማንም ሰው ሥሯ አይግባ፤ አስተማማኝ የብረት ማቆሚያ የግድ ነው። በአሞርዛተሩ ዘንግ ዙሪያ ያለ ስስ የዘይት ወዝ ከማተሚያው ጋር አብሮ የሚኖር ስለሆነ ብቻውን የብልሽት ማስረጃ አይደለም፤ ወደ ታች የወረደና የጠበጠበ ዘይት ግን ማስረጃ ነው። ጎሚኒዎቹ የተሰነጠቁ ወይም ከብረታቸው የተላቀቁ እንደሆነ በብረት ዘንግ ቀስ ብሎ ገፋ በማድረግ ይታያል። በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ያለው የላስቲክ ግጭት መከላከያ ተቆራርጦ ከሆነ ደግሞ መኪናዋ ሙሉ ሰው ጭና ትልቅ ጉድጓድ ስትገባ ብቻ ከባድ ምት ይሰማል።

በመጨረሻ የአሞርዛተሩ ብርታት ይለካ። በጋራዥ የተለመደው የመጫን ሙከራ መሠረተ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የጎደለው መቁጠር ነው። ባነሣነው ምሳሌ ውዝዋዜን ጨርሶ ለማስቀረት የሚበቃው የማርገቢያ መጠን በሜትር በሰከንድ 4,900 ኒውተን ያህል ነው። አሞርዛተሩ የዚህን 30 በመቶ ቢሰጥ ከአንድ ሙሉ ውዝዋዜ በኋላ የሚተርፈው ስፋት 14 በመቶ ብቻ ነው፤ ዓይን መኪናዋ ወዲያው እንደቆመች ያያል። ደክሞ 10 በመቶ ብቻ ቢሰጥ ግን ከአንድ ውዝዋዜ በኋላ 53 በመቶ፣ ከሦስት በኋላም 15 በመቶ ይተርፋል። ስለዚህ መኪናዋ ከተለቀቀች በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ በግልጽ ከተወዛወዘች አሞርዛተሩ ደክሟል ማለት ነው። የሙከራው ድክመት በእጅ የምንሰጠው ፍጥነት አነስተኛ መሆኑ ነው፤ በፍጥነት በሚመጣ ምት ጊዜ የሚከፈተውን ቫልቭ አይፈትሽም። ሙከራውን ያለፈ አሞርዛተር ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም፤ የወደቀ ግን በሽተኛ ነው።

ጥገናው፦ ጥንቃቄና ትክክለኛነት

ምርመራው ስትራቱ ራሱ መቀየር እንዳለበት ካሳየ፣ መቀየር ተገቢ ነው። በዚህ ጊዜ ግራና ቀኙን በአንድነት መቀየር ብክነት አይደለም፤ ሁለቱ ጎኖች የተለያየ ማርገቢያ ሲኖራቸው መኪናዋ በጉድጓድና በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ወገን የመሳብ ዝንባሌ ታሳያለች።

ከሥራው ሁሉ አደገኛው ሞላውን ከስትራቱ ማላቀቅ ነው። ባነሣነው ሞላ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር መጨመቅ 3,000 ኒውተን ኃይል ይጠይቃል፤ በውስጡም 225 ጁል ኢነርጂ ይከማቻል። ይህ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት ከ2.3 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚኖረው ኢነርጂ ነው። ሞላው በተገቢው መጨመቂያ ሳይያዝ የአናቱን ዳዶ የሚፈታ ሰው ይህን ሁሉ ወደ ራሱ ፊት እያነጣጠረ ነው። በገመድና በሽቦ አስሮ መፍታት ድፍረት ተብሎ ሊወደስ አይገባውም። ለዚህ ሥራ መሣሪያውና ልምዱ የሌለው ተማሪ መመርመሩን ይሥራ፤ መፍታቱን ለባለሙያ ይተው።

አዲስ የተገጠመ ስትራት የሚንኳኳበት ምክንያትም አብዛኛውን ጊዜ ከአገጣጠም ነው። የሞላው ጫፍ በመቀመጫው ጉድፍ ውስጥ በትክክል ካልገባ፣ ሮንዴላ ከተረሳ ወይም ተገልብጦ ከገባ፣ የደከመው የላስቲክ መቀመጫ በአዲሱ ስትራት ላይ ተመልሶ ከታሰረ፣ ወይም የአናቱ ዳዶ ከተወሰነለት መጠን በታች ከጠበቀ፣ ድምፁ አብሮ ይመጣል። የጥብቀት መጠን በግምት ሳይሆን አምራቹ በመመሪያው ባስቀመጠው ልክ፣ በሚለካ መፍቻ መሆን አለበት።

አንድ ነጥብ ልዩ ትኩረት ይሻል። የጎን ዘንጎቹ ጎሚኒዎች የሚታሰሩት ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ከሆነ፣ ላስቲኩ ዘንጉ ወደ ታች በተንጋደደበት አቋም ላይ ይያዛል። መኪናዋ መሬት ስትነካ ዘንጉ ይነሣል፤ ላስቲኩም ገና ጉዞ ሳይጀምር ተጠምዝዞ ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ጎሚኒው ሲጥ ማለትና ያለ ዕድሜው መቀደድ ይጀምራል። መፍትሔው ብሎኖቹን በስሱ ይዞ፣ መኪናዋን በጎማዋ ላይ አቁሞ፣ የመጨረሻውን ጥብቀት በዚያ አቋም መስጠት ነው። ይህ ምንም ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ላስቲክ የት ላይ ዕረፍት እንደሚያገኝ ማሰብን ብቻ ይጠይቃል። ከሥራው በኋላ የጎማዎቹ አላይመንት መታየቱም አይዘንጋ።

የሚሰነዘሩ ተቃውሞዎች

ለዚህ ሐሳብ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። አንደኛው፣ «ልምድ ያለው መካኒክ በመስማት ብቻ ያውቃል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ለብዙ ዓመታት ያንኑ ዓይነት መኪና የጠገነ ሰው በአእምሮው ውስጥ ከማንኛውም ቤተ ሙከራ የበለጠ መረጃ አከማችቷል። ግን ልምድ ማለት ብዙ ጊዜ ተፈትኖ የቆየ መላ ምት እንጂ ከመፈተን ነፃ የሆነ መላ ምት አይደለም። የአናቱን ዳዶ በእጅ ለመዳሰስ የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ጥሩውን መካኒክ አያዋርደውም፤ ያረጋግጥለታል እንጂ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። «ለምርመራ የሚከፍለኝ ማነው?» ይላል መካኒኩ። በዚህ ላይ እውነቱ ከእርሱ ጋር ነው። እኛ ደንበኞች ለዕቃና ዕቃውን ለመግጠም እንከፍላለን፤ ለማሰብ ግን አንከፍልም። አንድ ሰዓት ሙሉ መርምሮ፣ አንድ ዳዶ አጥብቆ፣ የድካሙን ዋጋ የጠየቀ መካኒክ «ለአንዲት ዳዶ ይህን ያህል?» ተብሎ ይሰደባል። ሁለት ስትራት ያለ ምርመራ የቀየረው ግን ያለ ክርክር ይከፈለዋል። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ምርመራ እንዲጠፋ ያደረግነው እኛ ራሳችን ነን። በውጭ ምንዛሪ የሚገባ መለዋወጫ ያለ ምክንያት ሲጣል ኪሳራው የባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ የአገርም ነው። የተጣለውም ዕቃ አንዳንዴ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ነው።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ የመኪና ባለቤቶች ለምርመራ ራሱን የቻለ ዋጋ መክፈልን እንልመድ። ሐኪም መድኃኒት ሳያዝልን «ጤነኛ ነህ» ቢለን የምርመራውን እንከፍላለን፤ ለመካኒክም እንደዚሁ ሊሆን ይገባል። ዕቃ ከመገዛቱ በፊትም «በምን አወቅህ?» ብሎ በጨዋ አንደበት መጠየቅ መብት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የእኛ የመምህራን ነው። የሞላና የማርገቢያ ትምህርት በሰሌዳ ተጀምሮ በሰሌዳ ማለቅ የለበትም። ዛሬ በብዙ ተማሪዎች እጅ ያለው ስልክ የፍጥንጥነት መለኪያ በውስጡ አለው፤ 1.3 ኸርዝንም ሆነ 12 ኸርዝን ለመመዝገብ አቅሙ ይበቃል። ስልኩን በመኪናዋ የኋላ ወለል ላይ በደንብ አስሮ፣ መኪናዋን ጫን አድርጎ በመልቀቅ የውዝዋዜውን መክሰም በግራፍ ማየት ይቻላል። ከግራፉ የማርገቢያውን ምጣኔ ማስላት ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ተገቢ የሆነ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። የኮብልስቶኑም መንገድ ጥያቄ ይወጣዋል፦ ድንጋዮቹ 10 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ጎማ በሰከንድ 56 ጊዜ ያህል ይመታል። ከጎማው 12 ኸርዝ ጋር የሚገጥመው ፍጥነት ስንት ነው? መልሱ በሰዓት 4.3 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የእግረኛ ርምጃ ያህል ነው። ይህን ያሰላ ተማሪ ሬዞናንስ የሚለውን ቃል ከእንግዲህ ለፈተና ብቻ አያስታውሰውም።

ሦስተኛው፣ የፊዚክስ ተማሪና የጋራዥ ሠልጣኝ የሚገናኙበት መንገድ ይፈጠር። ተማሪው ከሠልጣኙ የእጁን ብልሃት ይማራል፤ ሠልጣኙም ከተማሪው የመመዝገብንና አንድ በአንድ የመለወጥን ልማድ ይወስዳል። ለውጭ አገር ትምህርት በቆየሁባቸው ዓመታት በቤተ ሙከራችን አንድ መሣሪያ ሲበላሽ መፍቻ ከማንሣት በፊት ሦስት መላ ምቶችንና እያንዳንዱን የሚያፈርስ ሙከራ በወረቀት ላይ መጻፍ ግዴታችን ነበር። ይህ ልማድ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ እርሳስና ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

ጉዳዩ ከአሮጌ ኮሮላዎች ጋር የሚያበቃም አይደለም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስናለች። አስቀድመው የገቡት መኪናዎች እንግዲህ በጥገና መኖር አለባቸው። የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ሞላና አሞርዛተር አላቸው፤ ከባትሪያቸው ክብደት የተነሣም እነዚህ ዕቃዎች የሚሸከሙት ጭነት ቀላል አይደለም። የሞተር ጩኸት በሌለበት መኪና ውስጥ ደግሞ የትንሽ ክፍተት ኳኳታ ጎልቶ ይሰማል። ድምፁን ያለ ምርመራ በዕቃ ግዢ ዝም ለማሰኘት የለመደ ባለሙያና ባለመኪና፣ ልማዱን ይዞ ወደ አዲሱ ዘመን ከተሻገረ ሒሳቡ ይበዛበታል።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ድምፅ የነገሩ ጫፍ ነው፤ ሥሩ አንድ ቦታ ላይ ያለ፣ ምናልባትም ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ክፍተት ነው። ያንን ክፍተት የሚያገኘው ብዙ ዕቃ የቀየረ ሰው ሳይሆን «ይህ ቢሆን ኖሮ ምን እንሰማ ነበር?» ብሎ ጠይቆ፣ ሄዶ ያዳመጠ ሰው ነው።